ካክተስን ከዘር ሲያበቅሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካክተስ ውሃ አይወድም ሲባል ሰምተዋል። ላደገው ልክ ነው። ገና ከዘር ለወጣው ግን ይህ ምክር ገዳይ ነው፤ የብዙ ሰው ልፋት መና የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ዘሩን ይበትንና በሳምንት አንዴ ውሃ ጠብ ያደርግለታል። ቡቃያው ግን ውሃ የሚያጠራቅምበት ሰውነት ገና የለውም፤ ሥሩም እንደ ፀጉር የቀጠነች ናት። አፈሩ ደርቆ ከዋለ አለቀ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዕቃውን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ላስቲክ ይሸፍኑት፣ አፈሩም እርጥበት አይለየው። ውሃ ከላይ አያፍስሱ፤ ዘሩን ጠራርጎ ጥግ ላይ ይከምረዋል። ከሥሩ የተበሳውን ዕቃ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ቢያስቀምጡት አፈሩ ራሱ ይመጠዋል።

እርጥበት ካለ ደግሞ ሻጋታ አይቀርም። ስለዚህ የጓሮ አፈር እንዳለ ዝቆ መጠቀም ሌላው ስህተት ነው። ዋልካማ ከሆነማ ጭራሽ አይሞክሩት። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ ጠጠር ፈጭተውና ነፍተው፣ አሸዋና ጥቂት ኮምፖስት ይቀላቅሉበት። ከዚያ በእንፋሎት ለ30 ደቂቃ ያህል ያሙቁትና ሲቀዘቅዝ ይዝሩ። ቡቃያው ግርጌው ላይ ቀጥኖ፣ ውሃ መስሎ ከተጋደመ ሻጋታ በልቶታል። እሱን ነቅለው ይጣሉ፣ ሽፋኑን ገለጥ አድርገው ለቀሪዎቹ አየር ይስጡ። ዘሩን ከፍሬ ያወጡት ራስዎ ከሆኑም ሥጋውን ከዘሩ ላይ በደንብ አጥበው ያስወግዱ፤ ሻጋታ የሚጠራው እሱ ነው።

ዘሩን መቅበርም አያስፈልግም። አብዛኛው የካክተስ ዘር ደቃቅ ነው፣ ለመብቀልም ብርሃን ይፈልጋል። አፈሩ ላይ በትነው ይተዉት።

ብርሃን ማለት ግን የቀትር ፀሐይ አይደለም። በተለይ እንደ አዲስ አበባ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ፀሐዩ ጨካኝ ነው። ቡቃያው ከቀላ በዝቶበታል፤ ቀጥኖ ወደ መስኮቱ ከተንጋደደ አንሶታል። ከስስ መጋረጃ ጀርባ ቢሆን ይስማማዋል።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። ዘሩ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ዘርቶ አልበቀለም ብሎ ማማረር ምንድነው? መጋቢት ወይም ሚያዝያ ይሻላል።

ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠውን ደማቅ ሰማያዊና ቀስተ ደመና የመሰለ ካክተስ ዘርም እርሱት፤ ማጭበርበር ነው። ያ አናቱ ቀይ ወይም ቢጫ ኳስ የሆነው እውነተኛ ነው፣ ነገር ግን ኳሱ አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ምግቡን መሥራት አይችልም። የሚኖረው በሌላ ካክተስ ግንድ ላይ ተጣብቆ ነው።

ቶሎ ነቅሎ ማዛወርም ብዙ ቡቃያ ፈጅቷል። ዓመት ሞልቶት አተር ቢያክል እንኳ አይደንግጡ፣ እርስ በርስ እስኪገፋፉ ይተዉአቸው። ላስቲኩንም በአንድ ቀን አይግፈፉት፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየከፈቱ ያለማምዷቸው።

በለስ ከሆነ የፈለጉት፣ ዘር ውስጥ ምን አስገባዎት? ዘሩ ጠንካራ ነው፣ ለመብቀልም ይዘገያል። አንድ ቅጠሉን ቆርጠው፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አቆይተው ይትከሉት።