«አኒሶሜትሮፒያ» ሲባል የምንሳሳታቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ከእህቴ ልጅ ጋር ቆመን የባጃጅ ታርጋ እናነብ ነበር። ጨዋታ መስሎኝ ቀኝ ዓይኑን በመዳፌ ስሸፍንበት ዝም አለ። ስድስት ዓመቱ ነው። ሐኪም ዘንድ ሲወሰድ ወረቀቱ ላይ «አኒሶሜትሮፒያ» ተብሎ ተጻፈ፤ ቤተሰቡም ቃሉን በየፊናው ይተረጉመው ጀመር።

«ሸውራራ ነው ማለት ነው» አሉ። አይደለም። ለመሳሳት ግን ምክንያት አላቸው፤ ወደ ውስጥ የሚዞር ዓይን «ኢሶትሮፒያ» ስለሚባል በፊደላችን ሲጻፍ ሁለቱ ቃላት ወንድማማች ይመስላሉ። የዚያኛው መነሻ በግሪክኛ «ኤሶ»፣ ወደ ውስጥ፣ እና «ትሮፔ»፣ መዞር ነው። የእኛው ቃል የሚከፈለው በሌላ ቦታ ነው፦ «አን» አፍራሽ ነው፣ «ኢሶስ» እኩል፣ «ሜትሮን» መለኪያ፣ «ኦፕስ» ዓይን። በጂኦሜትሪ የተማርነው አይሶሴልስ ሦስት ማዕዘን ስሙን ያገኘው ከዚሁ «ኢሶስ» ነው። እንግዲህ ቃሉ ልካቸው ያልተካከለ ዓይኖች ማለት ነው፤ የሚናገረው ዓይኖቹ ብርሃን የሚሰብሩበት ኃይል መለያየቱን እንጂ አቀማመጣቸውን አይደለም። ትንሽ ልዩነት በብዙ ሰው ላይ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁም ነገር የሚሆነው 1 ዳዮፕተር (የመነጽር ቁጥር የሚለካበት አሃድ) ሲደርስ ነው።

ስለዚህ የልጅን ዓይን አይቶ «ደህና ነው» ማለት ሁለተኛው ስህተት ነው። ጥሩው ዓይን የደካማውን ሥራ ስለሚሸፍን ልጁ ኳስ ይይዛል፣ ያነባል፣ አያማርርም። እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻው መፈተን ያስፈልጋል። በጣቶች መካከል እንዳያሾልክ ደግሞ በመዳፍ ይሸፈን።

እዚሁ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ ዝግጁ መነጽር ልግዛለት ያሉም ነበሩ። የዚያ መነጽር ሁለት መስታወቶች ቁጥራቸው አንድ ነው፤ የተሠራውም ለማንበብ ለሚቸገሩ አዋቂዎች ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው ነው። አንጎል የደበዘዘውን ምስል ችላ ማለት ሲለምድ «አምብሊዮፒያ»፣ የዚያ ዓይን እይታ መድከም፣ ይከተላል፤ «አምብሊስ» ደነዝ፣ ያልሰላ ማለት ነው። አኒሶሜትሮፒያ መንስኤው፣ አምብሊዮፒያ ውጤቱ ነው። ሕክምናው ይበልጥ የሚሠምረው ከሰባት ዓመት በፊት ሲጀመር ነው፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን መሞከር ይገባል። መጀመሪያ በልኩ የተሠራ መነጽር ይደረጋል፤ አልበቃ ካለ ሐኪሙ በወሰነው ሰዓት አንዱ ዓይን ይሸፈናል። አያቱ የታመመውን ልትሸፍንለት ነበር። የሚሸፈነው ጥሩው ነው።