ከቤዛዊት ቁልቁለት በኋላ የቀየርኳቸው የፍሬን ቱቦዎች

ባሕር ዳር ካለው የቤዛዊት ኮረብታ ስወርድ የአባቴ አሮጌ መኪና የፍሬን ፔዳል ድንገት እስከ ወለሉ ሰመጠ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ አወረድኩ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳብኩ። ቆመች። ልጄ አጠገቤ ነበረች፤ ከመኪናዋ ስወርድ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በግራ የፊት ጎማ ውስጠኛ ገጽ ላይ የፍሬን ዘይት ይንጠባጠባል። ከብረት ቧንቧው ወደ ጎማው የሚሄደው የላስቲክ ቱቦ ከመጋጠሚያው ሥር ተሰንጥቋል። የመኪናዋ ፍሬን ባለ አንድ መስመር ስለሆነ አንድ ቱቦ ሲፈነዳ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ።

መካኒኩ "አንዱን ብቻ እንቀይር" ሲል እምቢ አልኩ። መሪውን ዳር ድረስ አዙረን የቀኙን ቱቦ ስናጎብጠው ስንጥቆቹ ታዩ። ሁለቱን የፊት፣ አንዱን የኋላ፣ ከነመዳብ ቀለበቶቻቸው ቀየርን።

ቀጥሎ ቱቦዎቹ ሲቀየሩ የገባውን አየር ማስወጣት ነው። ከፍሬን ፓምፑ ከሚርቀው የኋላ ቀኝ ጎማ ጀመርን። እኔ ፔዳሉን ረግጬ ስይዝ መካኒኩ ጎማው ጋ ያለውን የአየር ማስተንፈሻ ብሎን ከፍቶ ይዘጋል፤ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወጣ ድረስ። የተጠቀምነው በፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን የፍሬን ዘይት ዓይነት፣ ዶት 3ን ነው። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳን መግባት የለበትም፤ ላስቲኮቹን ያሳብጣል።

በመጨረሻ ፔዳሉን አንድ ደቂቃ ሙሉ አጥብቄ ረገጥኩ። አልሰመጠም፤ መጋጠሚያዎቹም ደረቅ ነበሩ።