የባች ዜና እንዴት ይሰበሰባል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ግቢ ለተመረቁ

የባች ቴሌግራም ግሩፕ ዜና አያጣም፤ ዜናው የሚቀመጥበት ነው የሚያጣው። ጠዋት «እንኳን ደስ አለሽ!» ስትባል የዋለችው ልጅ ምን አግኝታ እንደሆነ፣ ማታ ግሩፑን የከፈተ ሰው ከአበባና ከጭብጨባ ምልክቱ ሥር ፈልጎ አያገኘውም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ደግሞ በሁለት ከተማ ተከፋፍለው የተማሩ ናቸው። በመሀል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ብቻ ቢሆንም፣ ደሴ ግቢ የነበረው ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስለነበረው እምብዛም አይሰማም።

በ3 ወር አንዴ 2 ገጽ ዜና ለማውጣት 3 ሰው ይበቃል፦ ሰብሳቢ፣ አጣሪና ጸሐፊ። ሰብሳቢውና አጣሪው አንድ ሰው አይሁኑ፤ ወሬውን ያመጣ ሰው ወሬውን አይጠራጠርም።

1. መዝገቡን አዘጋጁ

በኤክሴል 8 ዓምድ ክፈቱ፦ ስም እስከ አያት፣ ስሙ በዲግሪው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበት መንገድ፣ ግቢ፣ ዲፓርትመንት፣ የምረቃ ዓመት፣ የሚኖርበት ከተማ፣ ስልክ፣ መረጃው መጨረሻ የተረጋገጠበት ቀን። የስልኩን ዓምድ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት «ቴክስት» አድርጉት፤ ካልሆነ ኤክሴል ከ09 እና ከ07 ፊት ያለውን ዜሮ ይውጠዋል።

በስም ብቻ አትፈልጉ። «ኃይለ»ን አንዱ በሀ፣ አንዱ በሐ፣ ሌላው በኀ ይጽፈዋል፤ ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒዩተሩ ሦስት። አንድ ተመራቂ ሁለቴ የሚመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። መለያው ስልክ ቁጥሩ ይሁን።

ከሁሉም የሚያጣላው ዓመቱ ነው። «የ2004 ባች» ሲባል አንዱ የገባበትን፣ ሌላው የተመረቀበትን ይላል። በ2004 አብረው ከገቡት ውስጥ የ3 ዓመት ትምህርት የወሰደው በ2006 ሲመረቅ፣ ኮምቦልቻ ያለው የ5 ዓመቱ ኢንጂነር ገና 2 ዓመት ይቀረው ነበር። በኋላ የመጡት ላይ ደግሞ ሒሳቡ ራሱ አይሠራም። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፣ ግቢውም ተዘረፈ፣ ትምህርት ተቋረጠ። ስለዚህ የገባበትን ዓመት ይዛችሁ አትደምሩ። ዲግሪው ላይ ያለውን ጠይቁ፣ የገባበትን ከፈለጋችሁ በሌላ ዓምድ አስቀምጡት።

ውጭ ያሉት በፈረንጅ አቆጣጠር ይልካሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ፣ የፈረንጁ ዓመት እስኪቀየር ድረስ፣ 7 ቀንሱ፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ቀንሱ። ዲሴምበር 2023 እና ጁን 2024 ሁለቱም 2016 ናቸው፤ ጁን 2023 ግን 2015 ነው። ወሩን ያልጻፈ ሰው ካለ ደውላችሁ ጠይቁት።

2. ጥያቄውን ጠበብ አድርጉ

«ምን አዲስ ነገር አለ?» ካላችሁ መልሱ «ሰላም ነው፣ ምንም የለም» ነው። ሰው ስለ ራሱ ማውራት ያፍራል፤ ለዚህ መፍትሔው ጥያቄውን አዎ ወይም አይደለም በሚያስብል መንገድ ማቅረብ ነው፦ ባለፉት 3 ወራት ሥራ ቀይረዋል? ትምህርት ጀምረዋል ወይስ ጨርሰዋል? አግብተዋል፣ ወልደዋል? የራስዎን ሥራ ከፍተዋል? መጨረሻ ላይ «ከዶርም ጓደኞችዎ ዜና ያለው ማን ነው?» ብላችሁ ጨምሩ። ጥሩ ዜና የሚመጣው ከዚህችኛዋ ነው። በጉግል ፎርም ላኩት፤ በ10 ቀን ውስጥ ላልሞላ ደውሉ።

3. ባለቤቱን ሳትጠይቁ አታውጡ

ጓደኛ የነገራችሁ ጥቆማ እንጂ ዜና አይደለም። አዲስ ሥራ ያገኘው ልጅ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን ገና አልተሰናበተ ይሆናል፤ የጥር ሠርግ በኅዳር ሲወራ ለሽማግሌዎቹም ቅር ያሰኛል። አጣሪው ደውሎ 3 ነገር ይጠይቅ፦ ልክ ነው? ይውጣ? መቼ ይውጣ? ፈቃዱን በጽሑፍ መልእክት ያስቀር።

ማዕረግ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሐኪሙም፣ የእንስሳት ሐኪሙም፣ ፒኤችዲ የጨረሰውም «ዶ/ር» ናቸው፤ «ዶክተር ሆነች» ብቻ ብሎ የጻፈ ምንም አልነገረንም። ፒኤችዲ የጀመረና የጨረሰ፣ ረዳት ፕሮፌሰርና ተባባሪ ፕሮፌሰር አንድ አይደሉም።

4. አጭር ጻፉ

ማን፣ ከየት ግቢና ዲፓርትመንት፣ ምን፣ የት፣ መቼ። እንዲህ፦

«እገሊት እገሌ (ደሴ ግቢ፣ ነርሲንግ፣ 2009 ምሩቅ) የማስተርስ ትምህርቷን በሰኔ 2016 አጠናቃ ኮምቦልቻ ሥራ ጀምራለች።»

«ታታሪዋ»፣ «የባቻችን ኩራት» የሚሉትን አውጡ። ለአንዷ ከተጻፈ ሌላው «እኔስ?» ይላል፣ ልክም ነው።

5. የሞት ዜና

ይህኛው 3 ወር አይጠብቅም። በተለይ የሙስሊም ቀብር ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ስለሆነ፣ ዜናው በሰዓታት ውስጥ መውጣት አለበት። ያም ሆኖ ቤተሰብ ሳይናገር፣ መርዶ ሳይደርስ፣ አትለጥፉ። እናት ከስልክ ላይ እንዳታነበው።

ስም አይታችሁ የሐዘን ቃሉን አትምረጡ። ወሎ ነው፤ የክርስቲያኑ አያት መሐመድ፣ የሙስሊሙ አያት ተሰማ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡን በምን ቃል ይጻፍ ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ የቀብሩን ቦታና ሰዓት፣ ለቅሶ የሚደረስበትን ቤት ጻፉ፤ «ሸዋ በር አካባቢ» አይበቃም፣ የሚታወቅ ምልክት ጨምሩ።

ለሕክምና ወይም ለለቅሶ ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ ከሌላ ግሩፕ የተላለፈ የሒሳብ ቁጥር እንዳለ አትለጥፉ። የንግድ ባንክ ቁጥር 13 አሃዝ ነው፤ አንድ አሃዝ ቢሳሳት ወይ አይሄድም ወይ ሌላ ሰው ጋ ይገባል። አጣሪው መጀመሪያ ትንሽ ብር ልኮ የሚወጣውን የባለሒሳብ ስም ከቤተሰቡ ጋር ያመሳክር፣ ስሙም ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፍ።

6. አውጡት

በፒዲኤፍ አውጥታችሁ ቻናሉ ላይ ፒን አድርጉ። ከፎቶ ሥር የሚጻፍ ጽሑፍ በነፃው ቴሌግራም ላይ 1,024 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ረዘም ካለ ለብቻው ላኩ። ለሕትመት የሚሆን ፎቶ «በፋይል» ይላክላችሁ፤ በተለመደው መንገድ ከተላከ ተጨምቆ ስለሚደርስ ሲታተም ይደበዝዛል። ለ10 ሳንቲሜትር ስፋት 1,200 ፒክስል ያህል ያስፈልጋል።

ስሕተት ከተገኘ ፋይሉን በዝምታ አትቀይሩት፤ የድሮው አስቀድሞ በየስልኩ ወርዷል። በሚቀጥለው እትም የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ባለፈው ይህን ብለን ነበር፣ ልኩ ይህ ነው» ብላችሁ ጻፉ፣ መዝገቡንም በዚያው ቀን አርሙ።