ካንሰር ወደ አከርካሪ ሲዛመት የሚሠሩ ስህተቶች፦ እግር እስኪከዳ አትጠብቁ

ካንሰር ከተነሳበት ቦታ ሲሰራጭ አጥንት ላይ ማረፍ ይወዳል፤ ከአጥንትም አከርካሪ ላይ። በተለይ የጡት፣ የፕሮስቴት፣ የሳንባ፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ካንሰር። ችግሩ በአከርካሪው መሀል ህብለ ሰረሰር፣ ማለትም ከአንጎል የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ ማለፉ ነው። ዕጢው ካደገ ወይም የተበላው አጥንት ከተደረመሰ ህብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል። ያኔ የሚጠፋው መራመድ ነው፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሰውነት ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በፊት ያስጠነቅቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ማስጠንቀቂያው እየተሰማ ጊዜው በከንቱ ያልፋል።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ሕመሙን "ወገቤን ነው፣ ብርድ መትቶኝ ነው" ብሎ ማለፍ ነው። የጀርባ ሕመም የማያውቅ ሰው የለም፣ እውነት ነው። ይሄኛው ግን ጠባዩ ለየት ይላል። ተራው የወገብ ሕመም ጋደም ሲሉ ብዙውን ጊዜ ፋታ ይሰጣል፤ ይሄ ግን ሌሊት ይብሳል፣ እንዲያውም ታማሚው አልጋውን ትቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያነጋበት ጊዜ አለ። ከወገብ ከፍ ብሎ በደረት ትይዩ ጀርባ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ደረትን እንደ ቀበቶ ዙሪያውን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ይወጋል። ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ ሰው፣ ከዓመታት በፊት "ድነሃል" ተብሎም ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ሕመም ከጀመረው ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠብቅ።

"ራጅ ተነስቼ ነበር፣ ምንም የለም ተባልኩ።" ይሄም ብዙ ሰው ያዘናጋል። ጉዳቱ በራጅ እንዲታይ ከአጥንቱ ማዕድን ከ30 እስከ 50 ከመቶ የሚሆነው መጥፋት አለበት። ስለዚህ ንጹህ ራጅ ማለት ንጹህ አከርካሪ ማለት አይደለም። የሚያስፈልገው ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል) ነው፣ እሱም የሚያመውን ቦታ ብቻ ሳይሆን ከአንገት እስከ ታች ሙሉውን። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ ይቀመጣልና። ኤምአርአይ መግባት ለማይችል ሰው ሲቲ ስካን አለ።

ቀጥሎ የሚመጣው እግር እስኪከዳ መጠበቅ ነው። ድካሙ ሲጀምር ትንሽ ነገር ነው፦ ደረጃ ላይ ጉልበት ይከዳል፣ ነጠላ ጫማ ከእግር ወልቆ ቀርቶ ሰውዬው ልብ ሳይል ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ሽንት ቶሎ አልመጣም ይላል። በዚህ ደረጃ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል! ሕክምና ሲጀመር በእግሩ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሄዱን ይቀጥላል። እግሩ ሙሉ በሙሉ ከሰነፈ በኋላ የመጣ ሰው ግን እንደገና ቆሞ የመሄድ ዕድሉ በጣም ይጠባል።

ጀርባን ማሳሸት፣ ማስጠምዘዝ፣ "ቋ" እስኪል ማስጎተት? እባካችሁ አታድርጉት። ዕጢ የበላው አጥንት በትንሽ ግፊት ይደረመሳል። ሲቀመጡ ወይም ሲቆሙ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚለቅ ሕመምም አለ፤ እሱ አጥንቱ ሸክም መቻል እንዳቃተው ያሳያል። እንዲህ ያለውን ታማሚ ስታገላብጡ ትከሻና ዳሌውን አንድ ላይ፣ እንደ ግንድ አዙሩት።

ከዕጢው ለምርመራ ናሙና ሳይወሰድ ሕክምና መጀመርም አለ። አንዳንድ ሰው ካንሰር እንዳለበት የሚያውቀው ገና አከርካሪው ላይ ሲታይ ነው። ምስሉ ካንሰር ቢመስልም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናውም ፍጹም ሌላ ነው። ዴክሳሜታሶን የሚባለው ስቴሮይድ እብጠቱን ቀንሶ ጊዜ ይገዛል እንጂ ዕጢውን አያድንም። ካንሰሩ ሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር) ከሆነ ደግሞ ስቴሮይዱ ዕጢውን አኮማትሮ የናሙናውን ውጤት ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ማዘዙን ለሐኪሙ ተዉለት፣ ከተጀመረም በኋላ በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡት። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን እየተለካ ይውሰድ።

"ተዛምቷልኮ፣ ኦፕራሲዮን ምን ያደርጋል?" የሚል ቤተሰብም ብዙ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት 101 ሰዎችን አነጻጽሮ ነበር። ህብለ ሰረሰራቸው አንድ ቦታ ላይ ከተጫነባቸው መካከል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ጨረር ከተከተላቸው 84 ከመቶው መራመድ ቻሉ፤ ጨረር ብቻ ካገኙት 57 ከመቶው። ይሄ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም። የካንሰሩ ዓይነት፣ የአጥንቱ ጥንካሬና የሰውየው አቅም ይታያል። ቢሆንም የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ሳያየው "አይሆንም" አይባልም። ለሕመም ብቻ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን የሚሰጥ የ8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር ብዙ ቀን ከሚወስደው ያልተናነሰ ያስታግሳል።

ሞርፊን "ሱስ ያስይዛል" ተብሎ አይከልከል፣ ሕመም ያለበት ሰው ይገባዋል። የሆድ ድርቀቱን አብሮ ማከም ብቻ ነው። የአጥንት ማጠንከሪያ መርፌ የመንጋጋ አጥንት ሊጎዳ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት ጥርስ ይታይ፣ መነቀል ያለበት ካለ ቀድሞ ይነቀል።

የመጨረሻው ስህተት ድንገተኛ ክፍል ገብቶ "ጀርባዬን አሞኛል" ብቻ ብሎ ወረፋ መያዝ ነው። በሩ ላይ እንዲህ በሉ፦ "ካንሰር ነበረብኝ፣ ጀርባዬን ሌሊት ያመኛል፣ ከትናንት ጀምሮ እግሬ ደክሟል።"