ክለብ ከሊጉ ሲወርድ ካዝናውን ማትረፊያ መንገድ

ሥራዬ የሂሳብ ምርመራ ነው። ከሥራ ስወጣ ደግሞ የእግር ኳስ ክለቦችን ዓመታዊ የሂሳብ መግለጫ አነባለሁ፤ ባለቤቴ ሥራውና መዝናኛው በምን እንደሚለያዩ እስካሁን አልገባትም። የእንግሊዝ ክለቦች ሂሳባቸውን ለሕዝብ ይፋ ስለሚያደርጉ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል፤ አብዛኞቹ ምሳሌዎቼም ከዚያው ናቸው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

እንግዲህ ክለባችሁ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፣ የካዝናው ቁልፍም በእናንተ እጅ ነው እንበል።

መጀመሪያ የተጫዋቾቹን ውል አውጡና አንድ አንቀጽ ፈልጉ፤ ክለቡ ከወረደ ደመወዙ በዚህን ያህል በመቶ ይቀንሳል የሚለውን። እስከ ግማሽ የሚቆርጥ ውል አለ። አንቀጹ ከሌለ ተጫዋቹን ማስገደድ አትችሉም። ሰንደርላንድ በ2017 ሲወርድ የአማካዩ ጃክ ሮድዌል ውል ይህ አንቀጽ አልነበረውም፤ በሳምንት 70 ሺህ ፓውንድ ገደማ እንደሚከፈለው በሰፊው ተዘግቦ ነበር። ክለቡ በዓመቱ ደግሞ ወደ ሦስተኛው እርከን፣ ወደ ሊግ ዋን ወረደ። እኔ ተጫዋቹን አልወቅስም፤ ውሉን አርቅቆ ያስፈረመው ክለቡ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ! አንቀጹ መግባት ያለበት ክለቡ ባደገበት ሰሞን፣ ሁሉም ለመፈረም በሚሽቀዳደምበት ጊዜ ነው። የተጫዋቹ ወኪል በምላሹ ክለቡ ከወረደ ልጁ በተወሰነ ዋጋ እንዲለቀቅ መጠየቁ አይቀርም። ዋጋው ረከስ ያለ ቢሆንም እኔ ብሆን እቀበላለሁ፤ በሁለተኛው እርከን፣ በሻምፒዮንሺፕ ሜዳ ላይ እያኮረፈ ሙሉ ደመወዝ ከሚበላ ተጫዋች በቅናሽ የተሸጠ ይሻላል።

ቀጥሎ ገቢው ነው። በፕሪሚየር ሊጉ የመጨረሻ ደረጃ ይዞ የጨረሰ ክለብ እንኳ በቅርብ ዓመታት ከሊጉ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይወስዳል። ሲወርድ የሚይዘው የፓራሹት ክፍያ የሚባለውን፣ ለወረደ ክለብ የሚሰጠውን መደገፊያ ነው። ይህም የሊጉ ክለቦች ከስርጭት መብት እኩል ከሚካፈሉት ድርሻ በመጀመሪያው ዓመት 55፣ በሁለተኛው 45፣ በሦስተኛው 20 በመቶ ነው። በላይኛው ሊግ የቆየው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ከሆነ ሦስተኛው ዓመት የለም። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ስለሚሆን ሰውን ያዘናጋል። በእኔ እይታ ክለብን የሚጥለው የወረደበት ዓመት ሳይሆን ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። ስለዚህ በጀቱን ከሦስተኛው ዓመት ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሥሩት። የፓራሹቱ ገንዘብ ባለቀ ማግስት የትኛውን ደመወዝ መክፈል እንደምትችሉ እወቁ፤ ከዚያ የሚያልፍ ውል ሁሉ በሁለት የዝውውር መስኮቶች (ተጫዋች መሸጥና መግዛት በሚፈቀድባቸው ጊዜያት) ውስጥ መሸኘት አለበት። ባንኮች መጪውን የፓራሹት ክፍያ በመያዣነት ይዘው ዛሬ ያበድራሉ። ብድሩ ያጓጓል፤ ግን የሚበላው ያንኑ ሦስተኛ ዓመት ስለሆነ እኔ አልነካውም።

ሽያጩ ላይ ረጋ ብላችሁ አስሉ፤ በርካታ ደጋፊ የሚደናገረው እዚህ ነው። በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝታችሁ የአምስት ዓመት ውል ያስፈረማችሁት ተጫዋች በመዝገብ ላይ በየዓመቱ አራት አራት ሚሊዮን ይቀንሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ የመዝገብ ዋጋው 12 ሚሊዮን ነው። በ10 ሚሊዮን ብትሸጡት ጥሬ ገንዘብ ገብቷል፣ መዝገቡ ግን የ2 ሚሊዮን ኪሳራ ያሳያል። ከአካዳሚ ያደገው ልጅ በመዝገብ ላይ የግዢ ዋጋ ስለሌለው የተሸጠበት ሁሉ ትርፍ ነው፤ ደጋፊው የሚወደው የሰፈሩ ልጅ ቀድሞ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። ይህ ስሌት የሒሳብ ሰዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም። ፕሪሚየር ሊጉ ለዓመታት የፈቀደው ኪሳራ በአማካይ በዓመት 35 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ሻምፒዮንሺፕ የፈቀደው 13 ሚሊዮን ነበር። ጥሬ ገንዘብ ሞልቷችሁ ሳለ በመዝገቡ ምክንያት ነጥብ ልትቀነሱ ትችላላችሁ።

ገዢ ክለቦች እንደተቸገራችሁ ስለሚያውቁ መስኮቱ እስከሚዘጋበት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሊያስጠብቋችሁ ይሞክራሉ። አንድ ሁለቱን ትልልቅ ተጫዋቾች በጊዜ፣ በደህና ዋጋ ሽጡ፤ ከዚያ በኋላ ለሌሎቹ አይሆንም ለማለት አቅም ታገኛላችሁ። ሌስተር በ2023 ሲወርድ ጄምስ ማዲሰንን ለቶተንሃም በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ ሃርቪ ባርንስንም ለኒውካስል ለዚያ በተጠጋ ዋጋ ሸጦ በዓመቱ ሻምፒዮንሺፑን አሸንፎ ተመለሰ። ገዢ ያልተገኘለትን በውሰት መስጠት ይቻላል፤ ከደመወዙ ስንት በመቶ እናንተ ላይ እንደሚቀር ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ንብረት መሸጥ ግድ ከሆነ ከሜዳው የራቀውን አስቀድሙ። የጀርመኑ ሻልከ በ2021 ሲወርድ በኮምፒውተር ጨዋታ ሊግ የነበረውን ቦታ በ26.5 ሚሊዮን ዩሮ ሸጦ በዓመቱ ወደ ቡንደስሊጋ ተመለሰ። (በ2023 እንደገና ወርዷል፤ ዕዳው አንድ ሽያጭ የሚያጠፋው አልነበረም።) ሊድስ ደግሞ በ2004 ስታዲየሙን ኤላንድ ሮድንና የልምምድ ማዕከሉን ሸጠ። በ2007 በኪሳራ ለአስተዳዳሪ ተላልፎ 10 ነጥብ ተቀነሰበት፤ ወደ ሦስተኛው እርከን ወርዶ ፕሪሚየር ሊጉን መልሶ ያየው በ2020 ነው። ስታዲየሙን መልሶ የገዛው እንኳ በ2017 ነበር። ሜዳ የሸጠ ክለብ በራሱ ቤት ኪራይ ከፋይ ይሆናል፤ ኪራዩ ደግሞ ክለቡ በየትኛው ሊግ እንዳለ አይጠይቅም።

የትኬት ቢሮ ሠራተኞችንና ሣር ተንከባካቢዎቹን ለመቀነስ አትቸኩሉ። የብዙዎቹ የዓመት ደመወዝ ቢደመር ያንን አንቀጽ የሌለውን አንድ ተጫዋች ጥቂት ሳምንት ቢያኖር ነው።

የዓመት ትኬት ዋጋ ግን ቶሎ ቀንሱና ቶሎ ለሽያጭ አውጡት። ሰንደርላንድ በሊግ ዋን እንኳ በአማካይ ከ30 ሺህ በላይ ተመልካች ነበረው፤ ደጋፊ ከወረደ ክለብ ጋር ይወርዳል፣ የሚሸሸው የተናቀ እንደሆነ ነው። የትኬቱ ገንዘብ ግን ኳስ ሳይመታ በአንድ ጊዜ ስለሚገባ ካዝናውን ሞልቶ ያሳያል። ለብቻው ሂሳብ ክፈቱለትና በየወሩ እኩል እየቀነሳችሁ አውጡት። ከጎኑ በላይኛው ሊግ ሳላችሁ በዱቤ የገዛችኋቸው ተጫዋቾች ቀሪ ክፍያ የሚደርስበትን ቀን በሙሉ ጻፉ፤ የካቲት ላይ ክለቡን የሚያናውጡት እነዚያ ቀኖች ናቸው።