ማዕዘኑ አልገጥም ሲል መጀመሪያ አያያዙን እዩ

«ማሽኔ 45 ዲግሪ መቁረጥ አቃተው» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው አይጠፋም። ሐዋሳ ውስጥ ከአቶቴ እስከ ታቦር ተራራ ሥር ድረስ ብዙ እንጨት ቤት ገብቻለሁ። ደርሼ ሳየው ማይተር ማሽኑ፣ ማለትም ጣውላን በዲግሪ የሚቆርጠው ባለ ዲስክ መጋዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ያልታሰረው ጣውላው ነው።

ዲስኩ ስለት እንዳለው፣ ዲግሪው በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) እንደተፈተሸ፣ ማሽኑም ባንኮው ላይ በብሎን እንደታሰረ ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

90 ዲግሪው አንዴ ቀጥ፣ አንዴ ሰያፍ ሲሆን

ሰጋቱራ ነው። ጣውላውን የምናስደግፍበት የኋላ ብረት ከማሽኑ ወለል ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ይጠራቀማል። ክረምት ላይ እንጨቱ እርጥበት ስለሚይዝ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ከ20 ሴንቲ የመደገፊያ ርዝመት በአንዱ ጫፍ 1 ሚሊ ሰጋቱራ ከገባ፣ 10 ሴንቲ ስፋት ያለው ጣውላ ግማሽ ሚሊ ተንጋዶ ይቆረጣል። ጣውላ ከማስቀመጣችሁ በፊት ጥጉን በቀለም ብሩሽ ጥረጉ። በእጅ አይሆንም። ዲስኩ ገና ሳይቆም እጁን የሰደደ ልጅ አይቻለሁ።

45 ላይ ሦስቱ ማዕዘን ገጥሞ አራተኛው ሲከፈት

ሁልጊዜ የምጠራበት ይሄ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ሐይቁ አካባቢ ላለ እንግዳ ማረፊያ የመስታወት ፍሬም ይሠራ ነበር። 12 ፍሬም ቆርጧል። ሁሉም ላይ አራተኛው ማዕዘን ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለው። ክፍተቱን በኮላና በሰጋቱራ ለውሶ ሞላው። ቫርኒሽ ሲነካው ጥቁር መስመር ሆኖ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ዲግሪውን ሲነካካ ነው የዋለው። «ሞርሳው የታለ?» አልኩት። ጣውላውን ማሽኑ ላይ ጠምዝዞ የሚያስረው ሞርሳ ማሽኑ የመጣበት ካርቶን ውስጥ ነበር። ከተገዛ ጀምሮ አልወጣም። እንጨቱ ዋንዛ ነው፣ ውድ ነው፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስኩ በ45 ሲገባ ጣውላውን ወደ ኋላ ብቻ አይጫነውም፤ ወደ ጎንም ይገፋዋል። በእጅ ስትይዙት 1 ወይም 2 ሚሊ ይንሸራተታል፣ ለያዘው ሰው አይታወቀውም። ፍሬም ደግሞ 8 ቆረጣ ነው። እያንዳንዱ ወደ አንድ ወገን ግማሽ ዲግሪ ከሳተ፣ መጨረሻው ማዕዘን ላይ 4 ዲግሪ ይጠብቃችኋል።

ዲግሪውን ከመንካታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። የኋላ ብረቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ጣውላውን አስቀምጡና በሹል እርሳስ ከጣውላው ተነስቶ ፕላስተሩ ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጭን መስመር አስምሩ። ሞርሳውን አጥብቁ፣ መስመሩን እዩ። ቁረጡ፣ ዲስኩ ሲቆም እንደገና እዩ። መስመሩ የት ላይ እንደተሰበረ ካያችሁ ችግሩን አገኛችሁት።

ስታጠብቁ ከተሰበረ ጥፋቱ የሞርሳው ነው። ጠምዛዛው ሲዞር እግሩም አብሮ ይዞርና ጣውላውን ይጎትተዋል። ከእግሩ ሥር የቺፑድ ወይም የሞራሌ ቁራጭ አስገቡ። እግሩ ቁራጩ ላይ ይዞራል፣ ጣውላው አይነካም። በአንድ ጊዜ አታጥብቁት። እስኪይዝ ብቻ ጠምዝዙ፣ ጣውላውን ወደ ኋላ ብረቱ ገፍታችሁ መስመሩን አስተካክሉ፣ ከዚያ ጨርሱት። ቁራጩ ለስላሳ እንጨት ላይ ጠባሳ እንዳይወጣም ያደርጋል።

ስትቆርጡ ከተሰበረ የኋላ ብረቱ ሙልጭ ብሏል ማለት ነው። አሉሚኒየም ላይ የተላገ ጣውላ እንደ ሳሙና ነው። ቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት ለጥፉበት፤ በሁለቱም ጎን፣ ከዲስኩ ግራም ቀኝም። በአንዱ ጎን ብቻ የለጠፈ ሰው አለ። የወረቀቱ ውፍረት ጣውላውን አዙሮበት ሌላ ጣጣ ውስጥ ገባ።

ከዚህም የሚሻል አለ። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ) በኋላ ብረቱ ልክ ቁረጡና ብረቱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ከጀርባ በብሎን እሰሩት። ብሎኑ ከዲስኩ መንገድ የራቀ ይሁን፣ በኤምዲኤፉም ፊት አይውጣ። ከዚያ አንዴ 45 ቁረጡበት። የሚቀረው ስንጥቅ ዲስኩ በትክክል የሚያልፍበት ቦታ ነው። ምልክታችሁን እዚያ ላይ ማስጠጋት ነው። የጣውላው ጀርባም አይሸረፍም። ለጓደኛዬ የሠራንለት ይህንን ነው፤ ቀሪዎቹን ፍሬሞች በዚያው ከሰዓት ቆርጦ ጨረሰ።

ሞርሳው የሚያስረው የምትፈልጉትን ጎን ነው። ተቆርጦ የሚወድቀው ጎን ነጻ ይሁን። እባካችሁ ይሄን አትለፉት። አንድ ተለማማጅ ሁሉም እኩል ርዝመት እንዲሆንለት ብሎ በሚወድቀው ጎን ማቆሚያ እንጨት አሰረ። ቁራጩ በማቆሚያውና በዲስኩ መካከል ተቀረቀረ፣ ተፈናጥሮ ከኋላችን ያለውን ቆርቆሮ አሰረጎደው። ፊቱን ለጥቂት ነው ያለፈው። ማቆሚያ በታሰረው ጎን ብቻ።

ዲስኩ መሃል ላይ ሲነከስ

ጣውላው ጎብጧል። ግራቪሊያና ባህር ዛፍ ሳይደርቅ ተገዝቶ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚታይ ነው። የጎበጠው ሆድ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ዲስኩ በሚያልፍበት ቦታ ከጀርባው ባዶ ይሆናል። ሲቆረጥ ወደ ኋላ ይረግብና ዲስኩን ቆንጥጦ ይይዛል። የወጣውን ሆድ ወደ ኋላ ብረቱ አዙሩት። በመቁረጫው መስመር ላይ ክፍተት እንዳይኖር ነው ቁም ነገሩ። በሞርሳ ጎትቼ አቀናዋለሁ አትበሉ፤ ሞርሳው ሲፈታ ተመልሶ ይጎብጣል።

ረጅም ዞኮሎ (የግድግዳ ሥር ጣውላ) ሲሆን

ጫፉ ከተንጠለጠለ ሌላው ጎን ከወለሉ ይነሳል። በማሽኑ ወለል ልክ በውሃ ልክ የተስተካከለ ድጋፍ ሥሩ አድርጉ። ሰው ጫፉን እንዲይዝ አታቁሙ፣ ይደክመዋል፣ ያንቀሳቅሰዋል።

ሞርሳው ራሱ አልይዝ ሲል

ክሩ ተበልቷል። ጣሉት። በርካሽ የሚሸጡት ሞርሳዎች ያናድዱኛል። ቀለማቸው ያምራል፣ ሦስት ወር አይቆዩም። አንዱ እጄ ላይ ተሰብሯል፤ ውስጡ ግራጫና እንደ አሸዋ የሚሻክር ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነበር። ልትገዙ ስትሄዱ የሞራሌ ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ እስከ መጨረሻው አጥብቁት። ክንዱ ወደ ላይ ከተከፈተ ወይም ጠምዛዛው ጥርስ ከዘለለ መልሱት። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ክብ እንጨት ከሆነ፣ በቪ ቅርጽ የተቦረቦረ ማረፊያ ላይ አስቀምጡት። ለሞርሳ የማይበቃ ትንሽ ቁራጭ ከሆነ፣ ሳይነጠል ከረጅሙ ጣውላ ጫፍ ላይ ቁረጡት። እጅ ከዲስኩ ከ10 ሴንቲ ባነሰ አይጠጋም።

የመጨረሻው ነገር ሞርሳ አይደለም፣ ግን ከሞርሳ ጋር አብሮ ነው የማየው። ሁለቱን እጁን ለጣውላው ለማዋል ማብሪያውን በፕላስተር ወይም በሽቦ የሚያስር ሰው አለ። መብራት ይሄዳል፣ ሰውየው ጣውላውን ያስተካክላል፣ መብራት ይመጣል። እንደዚህ የታሰረ ማሽን ካገኘሁ ሶኬቱን ነቅዬ ማብሪያው የታሰረበትን እቆርጠዋለሁ። ሥራውንም የምጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።