ዲፈረንሻል ጂኦሜትሪንና ቴንሰርን ለብቻ ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዲፈረንሻል ጂኦሜትሪ የጎበጡ ቅርጾችን በካልኩለስ የሚያጠና ትምህርት ነው። ብዙ ሰው ወደዚህ ትምህርት የሚመጣው የአንስታይን ጄኔራል ሬላቲቪቲ ቲዮሪ ስቦት ነው። ደስ የሚል ጉጉት ነው፤ ግን ያስቸኩላል። የመጀመሪያው ስህተትም ከዚሁ ችኮላ ይመጣል፦ ሊኒየር አልጀብራው ሳይጸና ማኒፎልድ (በቅርብ ሲታይ ጠፍጣፋ የሚመስል ቦታ) ውስጥ ዘሎ መግባት። ማትሪክስ ማባዛት መቻል አይበቃም። ቤዚስ (ሌሎቹን ቬክተሮች በቁጥር ለመግለጽ የሚመረጡት መነሻ ቬክተሮች) ሲቀየር የአንድ ቬክተር ቁጥሮች ለምን እንደሚቀየሩ፣ ቬክተሩ ራሱ ግን ለምን እንደማይቀየር በደንብ ይግባዎት። ያለዚህ ቴንሰር (ኮኦርዲኔት ሲቀየር ቁጥሮቹ በተወሰነ ሕግ የሚቀየሩ፣ ራሱ ግን የማይቀየር ነገር) አይገባም፣ በቃ።

ሁለተኛው፣ በዓይን የሚታዩትን ገጾች (እንደ ሉልና ሲሊንደር ያሉ የቅርጽ ላይኛ ክፍሎችን) እንደ ልጆች ነገር ቆጥሮ መዝለል ነው። የሒሳብ ሊቁ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 ያቀረበው ድንቅ ውጤት የተገኘው እዚያው ላይ ነው። የአንድ ገጽ ጉብጠት ገጹ ላይ ብቻ በሚለካ ርቀት ይታወቃል፣ ከውጭ ሆኖ ማየት አያስፈልግም ይላል። ወረቀት ጠቅልለው ሲሊንደር ቢሠሩ በዚህ መለኪያ ጉብጠቱ ዜሮ እንደሆነ ይቀራል። ሉል ግን በምንም መንገድ ሳይለጠጥ ጠፍጣፋ አይሆንም። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ሪማን በ1854 ሐሳቡን ወደ ብዙ ዳይሜንሽን ሲያሰፋው መነሻው ይህ ነበር። እርስዎም ከዚሁ ቢነሱ ይሻላል።

ብዙዎችን ለወራት የሚያንከራትተው ግን ቴንሰርን “ኢንዴክስ ያለው የቁጥር ሠንጠረዥ” ብሎ መያዝ ነው። የክሪስቶፌል ምልክቶችን (የቤዚስ ቬክተሮች ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚቀየሩ የሚናገሩ ቁጥሮችን) ይውሰዱ። ሦስት ኢንዴክስ አላቸው፣ መልካቸው ቁርጥ ቴንሰር ነው። አሁን ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ያስሏቸው። በካርቴዥያን ኮኦርዲኔት ሁሉም ዜሮ ናቸው። በፖላር ኮኦርዲኔት ግን አንዱ ኔጋቲቭ ራዲየስ፣ ሌላው አንድ ሲካፈል ለራዲየስ ሆኖ ይወጣል። ሜዳው አልተነካም! ቴንሰር በአንድ ኮኦርዲኔት ሙሉ በሙሉ ዜሮ ከሆነ በሁሉም ዜሮ መሆን አለበት። ስለዚህ እነዚህ ቴንሰር አይደሉም። ዜሮ አለመሆናቸውም ቦታው ጎብጧል ማለት አይደለም። ጉብጠትን የሚናገረው ከእነሱና ከዴሪቫቲቮቻቸው የሚሠራው የሪማን ቴንሰር ነው፤ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ደግሞ በፖላርም ዜሮ ይወጣል። ይህን አንድ ስሌት በእጅዎ እስከ መጨረሻው ቢሠሩት ብዙ ገጽ ከማንበብ ይበልጣል።

የላይና የታች ኢንዴክስን “ያው ነው” ብሎ ማለፍም አለ። በካርቴዥያን ልዩነቱ አይታይም፣ ስለዚህ ያዘናጋል። በፖላር ግን ከዲፈረንሻል (የታች ኢንዴክስ ካለው) ወደ ግራዲየንት (የላይ ኢንዴክስ ወዳለው) ሲሄዱ የአንግሉ ክፍል ለራዲየስ ስኩዌር ይካፈላል። ሥራውን የሚሠራው ሜትሪኩ፣ ማለትም ርቀትን የሚለካው ቴንሰር ነው።

መጽሐፍ መቀያየር ሌላው ነው። የሪማን ቴንሰርን የፕላስና የማይነስ ምልክት ሁሉም ደራሲ አንድ ዓይነት አይጽፈውም፤ የኢንዴክሶቹ ቅደም ተከተልም ይለያያል። አንድ ዋና መጽሐፍ ይያዙ፣ ሌላ ሲከፍቱ መጀመሪያ ትርጓሜውን ያመሳክሩ።

አስተማሪ ከሌለ ማን ያርመኛል ማለትዎ አይቀርም። መልሱን አስቀድመው በሚያውቁት ነገር ራስዎን ይፈትኑ። የሉል ጉብጠት አንድ ሲካፈል ለራዲየሱ ስኩዌር ነው። በኬንትሮስና በኬክሮስ አንግሎች ያስሉት፤ ከዚያ በስቴሪዮግራፊክ ኮኦርዲኔት (ሉሉን ከአንድ ጫፉ ወደ ጠፍጣፋ ሜዳ በመጣል በሚገኘው) እንደገና ያስሉት። መንገዱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ፈጽሞ አይመሳሰሉም፣ የመጨረሻው መልስ ግን አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ኮምፒውተር ከመክፈትዎ በፊት ወረቀቱን መስመር በመስመር ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማይነስ ጠፍቶ ነው።